የግራው ስፒከር

ግንቦት 4

ለዚህ ደብተር ብቸኛ አንባቢ፣ ለራሴ፣ በታላቅ ሐዘን የምገልጸው ዜና፦ የጓዳው ሬዲዮ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የአየር ጠባይ ዘገባ በማሰማት ላይ እንዳለ ዐረፈ። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነበር። በፕላስተር ታሽጎ፣ አንቴናው ተሰብሮ ሹካ ተተክቶለት፣ ሁለቴ ከመደርደሪያ ወድቆ ሳይሰለች አገልግሏል። ቀብሩ ከአሮጌ ጎማዎቼ አጠገብ ተፈጽሟል።

ባለቤቴ ሐረገወይን አላለቀሰችም። "እሱም እንዳንተ ዝም አለ" ብላ አለፈች።

እኔ? ዝም? ሠላሳ አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ደሴ አውቶቡስ ስነዳ አፌ ያረፈው ስተኛ ብቻ ነው።

ግንቦት 6

ነገሩ የሬዲዮ አይደለም ለካ።

አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ነበርን። ሽንኩርት ትለቅማለች፣ እኔ መንገዱን አያለሁ። ድንገት ተነሥታ ፊቴ ቆመች።

"ሦስት ጊዜ ጠየቅሁህ!"

"ምን ብለሽ?"

"እሱን ነው የምልህ!"

ሰኔ ሲገባ ደብረ ሲና ልትወጣ ነው፣ ልጃችን ማርታ ዘንድ። ለጥየቃ መስሎኝ... አይደለም። አልጋዋን ጭምር። "ከግድግዳ ጋር ማውራት ሰለቸኝ። እዚያ የልጅ ልጆቼን ስጠራቸው አቤት ይሉኛል።"

"በዚያ ጉም? የልጅ ልጆችሽን በዳሰሳ ነው የምታገኚያቸው" አልኳት። ድሮ በዚህ ትስቅ ነበር። ዛሬ የለም።

አርባ አራት ዓመት አብረን ኖረን... አልጋዋን ጭምር?

ግንቦት 7

መፍትሔ ተገኘ። ቤቱ ድምፅ ካጣ ድምፅ ይገዛለታል! ሁለት ስፒከር ያለው፣ ደህና የሙዚቃ ዕቃ። በሕይወቴ ኖሮኝ አያውቅም። አውቶቡሱ ላይ የነበረው ቴፕ ጣርማ በር ዳገት ላይ ዘፋኙን ሁሉ ያስለው ነበር።

ሽንኩርት ሸጠን ያስቀመጥነው ገንዘብ አለ። ብዙ አይደለም። ሐረገወይን ዘፈን ስትሰማ ሳታውቀው ትከሻዋ ይሄዳል። ዘፈን ያለበትን ቤት ትታ አትሄድም... ትሄዳለች?

ግንቦት 9

ሙዐዊያ ሱቅ ሄድኩ። መናኸሪያው ፊት ለፊት ቴሌቪዥንና ቴፕ ይሸጣል። የአጣዬ ልጅ ነው፤ አባቱን ከነፍየሎቹ ስንት ጊዜ አመላልሻለሁ።

መጀመሪያ ያሳየኝ የእኔን ቁመት የሚያህል፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ነገር። ሲከፍተው የበላሁት ምሳ ሆዴ ውስጥ ተነሥቶ ጨፈረ።

"ይኼ ሙዚቃ ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?"

"ቤዝ ነው ጋሼ ብርሃኑ፣ ወፍራሙ ድምፅ። ወጣቱ ይኼን ነው የሚገዛው።"

"ወጣቱ ግድግዳው የራሱ ስላልሆነ ነው።"

ሳቀና በሩን ገርበብ አደረገው። "እንግዲያው መብራት አይግዙ። የሚያውቁትን ዘፈን ይዘው ይምጡና ድምፁን ዝቅ አድርገው ይስሙ። ማንም ዕቃ ሲጮህ ደህና ይመስላል። ዝቅ ብሎም ቃሉ ከተለየ፣ ወላሂ እሱ ነው ዕቃ።"

ውድ ነገር ሊሸጥልኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ያወጣው ግን ያገለገለ አምፕሊፋየርና ሁለት የእንጨት ስፒከር ነው። አቧራ ጠጥተዋል። ዋጋቸው ከጩኸታሙ ያንሳል! እንዲህ ያለ ነጋዴ እንዴት ይከብራል?

ግንቦት 11

የድሮ የክራር ዘፈን ፍላሽ ላይ አስጭኜ ሄድኩ። ሙዐዊያ ሁለቱን ስፒከሮች ግራና ቀኝ አቁሞ እኔን መሃል በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ። "ከሁለቱም እኩል ሲመጣ ዘፋኟ ፊት ለፊትዎ የቆመች ይመስልዎታል።"

አልቆመችም። ቀኝ ጥግ ተወትፋለች።

"የግራው አይሠራም።"

"ይሠራል ጋሼ።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት የሞተር ድምፅ ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለእኔ?"

ሌላ ጥንድ አመጣ። የእሱም ግራው ሞቷል። ሦስተኛው ጥንድም እንደዚያው። "ሙዐዊያ፣ ሬሳ ሬሳውን እየመረጥክ ነው እንዴ ግራ የምታቆመው?" አልኩት። ራሱን አከከ። "ኢንሻአላህ ሰሞኑን ፈትሼ እጠብቅዎታለሁ።"

ቤት ገብቼ ለሐረገወይን ብነግራት የሆነ ነገር አጉተመተመች። ልብሷን ማዳበሪያ ውስጥ እየከተተች ነበር።

ግንቦት 13

እንዴት ልጻፈው...

ሙዐዊያ ሽቦውን ሁሉ ፈትሿል፤ ስፒከሮቹን ከግራ ወደ ቀኝ አቀያይሯል። ተቀመጥኩ። አሁንም ግራው ዝም! ሁለት ገዢዎች ቆመው ያያሉ። ሙዐዊያ ከኋላ ገብቶ ነካካና ተመለሰ።

"አሁን የቱ ነው የሚሠራው ጋሼ?"

"የቀኙ ነዋ!" በሙሉ ልብ፣ በጣቴ ጠቆምኩ።

ሙዐዊያን አየሁት። የቀኙን ስፒከር ሽቦ ነቅሎ በእጁ ይዞታል። ሲዘፍን የነበረው የግራው ብቻ ነው።

"ዕቃዎቹ ደህና ናቸው ጋሼ ብርሃኑ" አለ ቀስ ብሎ።

"እንግዲያው የሚመለሰው ዕቃ እኔ ነኝ። ዋስትና ይኖረኝ ይሆን?" ብዬ ሳቅሁ። ሱቁ ሙሉ ሳቀ።

ግንቦት 14

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ጆሮዬን በመብራት አየችው። ኩክ የለም።

"ሥራዎ ምን ነበር አባባ?"

"ሾፌር።"

"መስኮት ከፍተው ነበር የሚነዱት?"

"ከሮቢት እስከ ከሚሴ በዚያ ሙቀት ማን ነው መስኮት ዘግቶ የሚነዳ? እንቁላል ልቀቅል?"

ነፋሱ፣ ጥሩምባው፣ የከባድ መኪናው ጩኸት... ሠላሳ አንድ ዓመት በግራ ጆሮዬ ተሳፍሯል። ቀኙ ለዕድሜዬ ደህና ነው። ለደብረ ብርሃን ሐኪም ወረቀት ጻፈችልኝ፤ ስለ ግራው ግን ተስፋ አላበዛችልኝም።

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ማሰብ ጀመርኩ። በረንዳው ላይ የሐረገወይን በርጩማ የት ነው? በሩ ዳር፣ በግራዬ። ማዕድ ላይ? በግራዬ። መንገድ ስንሄድስ? በግራዬ...

ስንት ዓመት ሆነ? ምን ምን ነገረችኝ?

ግንቦት 15

ነገርኳት። "ችላ አላልኩሽም። አልሰማሁሽም።"

ሽንኩርት መክተፏን አቁማ ዞረችብኝ። "ሁለት ዓመት ሙሉ?"

"ይመስለኛል።"

"ያን ሁሉ ስድብ አልሰማኸውም?"

"አንዱንም።"

"ወይኔ ድካሜ!" አለችና ሳቋ መጣ። የሽንኩርቱ ቢላ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች።

ማዳበሪያውን ግን አልፈታችውም። ልትቀሪ ነው? ብላት "እስቲ አየዋለሁ" ብቻ።

ግንቦት 18

ሙዐዊያ ዘንድ ሁለታችንም ሄድን። ሰውዬው ዛሬም ሐቁን ነገረኝ። "ለእርስዎ አንዱ ስፒከር ይበቃዎታል ጋሼ። ገንዘብዎን ይቆጥቡ።"

አሰብኩ፣ አልዋሽም። ግን ጆሮ ያላት ሌላ ሰው አለች። እሷን በርጩማው ላይ አስቀመጥኳት። ሙዐዊያ ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ ከፈተው።

ዓይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቆየችና እጇን ወደ ፊት ዘረጋች፣ በሁለቱ ስፒከሮች መሃል፣ ባዶ አየር ላይ።

"እዚህ ጋ ናት" አለች።

"ምን ትመስላለች?"

"ቀጭን ናት። አገጯን ቀና አድርጋ ነው የምትዘፍነው።"

ለእኔ አሁንም ቀኝ ጥግ ናት። ግን ሐረገወይን እንደነገረችኝ አየኋት። ሁለቱንም ገዛሁ። ሐረገወይን ተከራክራ ሽቦውን በነጻ አስጨመረች። ሙዐዊያ "እትዬ፣ ሁለተኛ እሳቸውን ብቻ ይላኩልኝ" አላት።

ሰኔ 2

ሰኔ ገብቷል። ማርታ ደወለች፤ እናቷ ስልኩን በረንዳው ላይ ይዛ ጮኸች። "ለመስቀል እንመጣለን፣ ከአባትሽ ጋር። አልጋ እንዳታዘጋጂ፣ ሁለት ቀን ነው።"

አሁን የምትቀመጠው በቀኜ ነው። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ወሬ አላት! ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ የማን ላም ጠፋች፣ ሁሉም እንደ አዲስ እየመጣ ነው። ከዘፈኑ በላይ ታወራለች። ሲበዛብኝ በርጩማዬን አዙሬ ግራውን እሰጣታለሁ። "አዙር!" ትላለች። አዞራለሁ።

አንድ ነገር ይቅር ይበለኝ። ግንቦት 13 የጻፍኩት ቀልድ፣ ያ የዋስትናው... አላልኩትም። አልሳቅሁምም፤ ሱቁም አልሳቀም። ሙዐዊያን ደህና ዋል እንኳ ሳልለው ነው የወጣሁት። ቀልዱ የመጣልኝ ቤት ገብቼ እስክሪብቶ ስይዝ ነው። እዚያ በርጩማ ላይ ጣቴን እንደቀሰርኩ የነበረኝ ፍርሃት ብቻ ነበር።