ጠንካራው ሞላ

ማክሰኞ፣ ጥር 17 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ አሰላ

«ለስላሳ ሞላ የንዑስ ከበርቴ ምቾት ነው፤ ጠንካራው ይገጠም።»

የእሑዱ አገር አቋራጭ የሞተር ብስክሌት ውድድር ኮሚቴ ሊቀመንበር ዛሬ በስብሰባ ላይ ያለኝ ይህንን ነው። የሞተር ብስክሌት ሞላ፣ የመንገዱን ንጥቂያ የሚያበርደው ጥምዝ ሽቦ፣ የሚመረጠው በመንገዱና በነጂው ክብደት ነው፤ እሱ ግን ኮርቻውን በመዳፉ ጫን አድርጎ ወሰነ።

ከሰዓት በኋላ በጢቾ መንገድ ቁልቁለት ላይ ሞከርነው። የኋላው ጎማ በየድንጋዩ መሬት ይለቅ ነበር። ነጂው ሁሴን ከወደቀበት ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ ፈረስ እንኳ እንዲህ ጥሎኝ አያውቅም!» ብሎ ሳቀ። ክንዱ ይደማል።

ለሊቀመንበሩ ስነግረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጓድ መሐንዲስ፣ ውድድሩ እንዲሰናከል ይፈልጋሉ እንዴ?» አለኝ። ሃያ ዓመት የሚያውቀኝ ሰው ሊመዘግበኝ ስሜን ከነአያቴ ጠየቀኝ።

ቢሆንም ነገ እንዲህ ብዬ እጽፍለታለሁ፦ ልጁ ገደል ቢገባ ተጠያቂው ማን ነው? እስከ ዓርብ ቀትር በጽሑፍ፣ ከነፊርማው ይመልስልኝ።