የበሩን ጠባቂ አታዳክሙብኝ

ይድረስ ሩቅ አገር ተቀምጣ አያቷን በጭራቅ ለምታስደበድበው የልጅ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? ዓይንሽስ እንዴት ነው፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ መስታወት ላይ ተተክሎ ሲውል አይደክመውም? በደንብ ትበያለሽ? እናትሽ በስልክ ባየችሽ ቁጥር «ከስታለች» ትላለች፤ እኔም «የከሳውስ ስልኩ ነው» እያልኩ አጽናናታለሁ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፤ ቁጣዋም አብሯት ደህና ነው። እኔም ከጉልበቴና ከናፍቆትሽ በቀር የሚያመኝ የለም። ጉልበቴን ሐኪም አይቶታል። ሌላውን የሚያየው ሐኪም ግን ገና አልተመረቀም።

አሁን ወደ ጉዳያችን። «ስልክ ላይ ሁሉን ነገር ቀልድ ታደርግብኛለህ፤ እባክህ አባባ፣ እንደ አንድ ተጫዋች ያለህን አስተያየት ቁጭ ብለህ ጻፍልኝ» ብለሽኝ ነበር። መሥሪያ ቤታችሁ የሠራው የቪዲዮ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ያለው የበር ጠባቂ ሰውን ሁሉ ስላስመረረ ልታዳክሙት እያሰባችሁ ነው አልሽኝ። በዚያ በር ላይ እንደኔ የቆየ ሰው ስለሌለም አለቆችሽ የኔን ሐሳብ መስማት ይፈልጋሉ አልሽኝ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ምክር መጠየቅ ከጀመሩ መሥሪያ ቤታችሁ ወዴት እየተነዳ እንደሆነ እንጃ። ቢሆንም ተጠይቄ ዝም የምል ሰው አለመሆኔን ታውቂያለሽ።

እንግዲህ በመጀመሪያ እናንተ የሚና ጨዋታ ስለምትሉት ልጻፍ፤ ሌላ ሰው ሆኖ ስለሚጫወቱት ማለት ነው። ወድጄዋለሁ። ገና ሲጀመር ማን መሆን እንደምፈልግ ጠየቀኝ፤ ጦረኛ፣ አስማተኛ፣ ፈዋሽ ወይስ ሌባ? በዚህ ዕድሜዬ «ማን መሆን ትፈልጋለህ?» ብሎ የጠየቀኝ ሌላ የለም፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ መድኃኒቴን መዋጤን ነው። ስለዚህ አክብሬው ሌባነትን መረጥኩ። እናትሽ «ምነው አባዬ፣ ፈዋሽ ብትሆን?» አለችኝ። ዕድሜ ልኬን በታማኝነት መሪ ጨብጬ ያተረፍኩት የጉልበት ሕመም ነው፤ እስቲ ተይኝ ትንሽ ልስረቅ አልኳት። ስምም ሲጠይቀኝ የሥራ ጓደኞቼ ቀስ ብዬ ስለምነዳ ያወጡልኝን ጻፍኩለት፤ «ፍሬን»። አሁን ጭራቅ ሁሉ «ፍሬን ሆይ፣ ወደ መጣህበት ተመለስ!» እያለ በስሜ ይጠራኛል።

ጨዋታው ውስጥ ያለው አገራችሁ ደግሞ ለሌባ የተመቸ ነው። የሰው ቤት ዘው ብዬ ገብቼ ቁም ሳጥን ስበረብር፣ የቤቲቱ ባለቤት ከፊቴ ቆማ «መንገደኛ ሆይ፣ ዛሬ አየሩ ደስ ይላል» ትለኛለች። የኛዋ ጎረቤት ልብስ ሰፊዋ እንኳን ቁም ሳጥኗን ልበረብር፣ በመስኮቷ ሳልፍ ቀና ካልኩ «ምን ጠፍቶብዎት ነው?» ነው የምትለኝ።

ቅሬታ ግን አለኝ። ሰው ሲያናግረኝ የምመልሰው ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፤ ወይ ትሕትና፣ ወይ ስድብ፣ ወይ ዝምታ። ተረብስ የት ሄደ? ያቺ የመንደሩ መግቢያ ላይ የምትቆመው ባልቴት በጓ ጠፋ ብላ ትልከኛለች። ዱር ለዱር ዞሬ አመጣላታለሁ። ዞር ብዬ ስመለስ ደግሞ ጠፍቷል። እንዲህ ያለችዋን «እመቤቴ፣ በጉ ጠፍቶ መሰለዎት? ሸሽቶዎት ነው እንጂ» ማለት ካልተቻለ ምኑን ኖርኩት? ለአለቆችሽ ንገሪያቸው፤ ሰው ከሰው ጋር የሚዋደደው በትሕትና ከመሰላቸው ተሳስተዋል። እኔና አያትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አርባ ዘመን የተቻቻልነው በመተራረብ ነው።

ሌላው፣ የከተማውን ስም ሲነኩት ብልጭ ብሎ እዚያ መገኘት የሚባለው ነገር ለኔ አይሆነኝም። ሹፌር ነኝ፤ በመንገድ ነው የምሄደው። ጎራዴ ተሸክሞ የሚከተለኝን ያን ዝምተኛ ረዳቴ አድርጌዋለሁ፤ መንታ መንገድ ላይ ስንደርስም ቆም እላለሁ፣ ወራጅ ይኖር ይሆናል ብዬ። ወንድምሽ አይቶኝ «አባባ፣ እንዲህ እየሄድክማ መቼም አትደርስም» አለኝ። እሱ እንደሆነ በሁለት ቀን ጨርሶታል። ከበሩ ወዲያ ስላለው፣ አንቺ በእጅሽ ስለሣልሽው የአትክልት ቦታ ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አዎ፣ አበባ ነገር ነበር መሰለኝ።» ከዚያ ወዲህ ካንቺ ጋር ስለ ጨዋታው ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። የጨረሰ ሰው ምን ያወራል?

ወደ መጫወቻ ካርታው ልምጣ። እዚያ ውስጥ ጠብ ሁሉ በካርታ መሆኑ ነው እኔን ያስገባኝ፤ በጎራዴ ቢሆን ኖሮ ጣቴ አይደርስም ነበር። በካርታ ግን አስቤ፣ ጢሜን አክኬ፣ ሻዬን ፉት ብዬ ነው የምመታው። ጭራቁም እስክጨርስ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ከናትሽ የተሻለ ትዕግሥት አለው።

ሰዉ ጠንካራ ካርታ ባገኘ ቁጥር እየሰበሰበ ክምሩን ያሳብጠዋል፤ ልክ በሥራ መውጫ ሰዓት በር ላይ ተሳፋሪ እንደሚጠቀጥቅ ረዳት። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ሰው ከውስጥ መውረድ ያቅተዋል። እኔ ክምሬን ቀጭን ነው የማደርገው። ከሁሉ የምወደው ደግሞ ማንም የማይፈልገውን «ትንፋሽ» የሚባለውን ካርታ ነው። አይመታም፣ አይከላከልም፤ ተራሽን ያሳልፍና ሌላ ካርታ ያስመዝዝሻል፣ በቃ። ይህን ካርታ ማን እንዳሰበው አላውቅም፤ ትዳር ያየ ሰው መሆን ግን አለበት።

የማልወደውን ልንገርሽ? ካርታችሁ አያረጅም። አይታጠፍም፣ ሻይ አይፈስበትም፣ ራሱን በራሱ ይበውዛል። እዚህ መሳቢያ ውስጥ ያለውን የኛን ካርታ ታስታውሺዋለሽ። ንጉሡ ጥጉ ታጥፏል፤ አንቺ ሕፃን ሆነሽ ነክሰሽው ነው። አያትሽ ስትበውዘው ድምፁ እስከ ደጅ ይሰማ ነበር፤ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ሆኜ እየሰማሁ ነው የምወጣው። እናንተም የመበወዝ ድምፅ አስገብታችኋል፤ ሰምቼዋለሁ። ጥሩ ድምፅ ነው። ግን እጅ የለውም።

የቤታችንን ሕግ አንቺም አድገሽበታል፤ የተሸነፈ ተነስቶ ሻይ ያፈላል። አያትሽን ጉልበቷን ማመም ከጀመራት ወዲህ የኔ ዕድል ጠመመና ሁልጊዜ የማፈላው እኔ ሆንኩ። «አንተ ሰውዬ፣ መሪ እንጂ ካርታ አልተፈጠረልህም» እያለች ትስቅብኛለች፤ እኔም ካርታውን እየረገምኩ ወደ ማድቤት። አንድ ቀን ብቻ፣ ጉንፋን ጥሎኝ ቤት በዋልኩበት ቀን፣ ያቺ የማትሸነፍ ሴት ተሸነፈችልኝ። ጥጉ የታጠፈው ካርታ በእጇ ነበር፤ እሱን ይዛ ነው ተራውን የጣለችው። የተጣለ ካርታ አይነሳም፣ ይህም ሕጋችን ነው። ግድግዳውን ተደግፋ ሄዳ አፍልታ አመጣችልኝ። ስኳር ረስታለች። እንደዚያ የጣፈጠ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም።

ጨዋታው ወደሌላ ወሰደኝ፤ ወደ ጠባቂው ልመለስ።

እውነቱን ለመናገር ክፉ አይደለም፤ ሥራው ነው። ክንዱን ካነሳ በሚቀጥለው ተራ ይመታል፤ ያኔ ጋሻ መጣል ነው። አንገቱን ከደፋ ቁስሉን እያከመ ነው፤ ያኔ መርዝ። ሲያዛጋ ግን (ቆሞ መዋል የማያዛጋው ማን አለ?) ደረቱ ባዶ ነው፤ ያኔ ቀይዋን የእሳት ካርታ የያዘ ሰው ጨረሰ፣ በሩ ተከፈተ። ይኸው ነው፤ ሕፃን ይለየዋል።

እኔ ግን አልቻልኩትም።

በቀደም እናትሽ ልብስ ልታጣጥፍ ገብታ ከኋላዬ ቆመች። «አባዬ፣ አዛጋ'ኮ! ቀይዋ በእጅህ ናት፣ ምነው ትንፋሽን ጣልክ?» አለችኝ። አላየኋትም፣ መነጽሬን ረስቼ ነው አልኳት። «መነጽርህማ አፍንጫህ ላይ ነው» አለች። ይህን ስንባባል ጠባቂው ደበደበኝና ተዘረርኩ። እናትሽ ያጠፈችውን የትራስ ልብስ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው። አሁን ልትቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ስልኩን ላቀብልህ?» አለችኝ።

ድሮ ስንደዋወል እንዴት እንደነበር አስታውሺ። አባባ ደህና ነህ? ደህና ነኝ፣ አንቺስ? ደህና፤ ሥራ አለብኝ፣ ቻው። ክፋት የለውም፤ ሰው ሥራ አለው። ጠባቂው ካገኘኝ ወዲህ ግን እሁድ ከሰዓት በኋላ ስልኩን በስኳር ዕቃው አስደግፌ ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረዋለሁ፤ አንቺም «ኧረ አባባ እንደሱ አይደለም! ቆይ ቆይ፣ ክንዱን አላየኸውም?» እያልሽ ትጮኺብኛለሽ። እዚህ ክፍል ውስጥ ድምፅሽ ሲጮህ እንዴት እንደሚያምር አታውቂም። አንዳንዴም ጭራቁን ረስተነው ስለሚያፈሰው የክፍልሽ ጣሪያ፣ ወንበሩ ላይ ስለሚያንኮራፋው የሥራ ባልደረባሽ እናወራለን። አንድ እሁድ አልቅሰሻል። ለምን እንደሆነ አልነገርሽኝም፤ እኔም አልጠየቅኩሽም። ትንፋሽን ጣልኩልሽ።

እንግዲህ አስተያየቴ ይኸውልሽ፤ ጠባቂውን አታዳክሙብኝ። አለቆችሽ ምክንያት ካሉ፣ አንድ ሽማግሌ ተጫዋች በር የሚጠቅመው ሲዘጋም ጭምር ነው ይላል በያቸው። እንዳይገባቸው ሰግቼ ሌላም ልጨምር። የአትክልቱን ቦታ እንድመለከትልሽ እንደቸኮልሽ አውቃለሁ። «ገብተህ ስታየው ፊትህን ማየት እፈልጋለሁ» ብለሽኛል። በስልክ ሰው ይከሳል፤ እናትሽን ጠይቂያት። ደግሞም ቤት የሠራ ሰው እንግዳውን በሩ ላይ ቆሞ ይቀበላል እንጂ፣ ግባና እየው ብሎ ቁልፍ አይልክም።

ለነገሩ ስለ ካርታ ካንቺ ጋር መመካከሬም ያስቀኛል። ባለፈው የመጣሽ ጊዜ ምን ሆነሽ ነበር? ጨዋታ ሠርታ የምታድር ልጅ፣ እኔ ጉልበቴን እያሸሁ ከተቀመጥኩበት ሰዓት ጀምሮ አንድም ዙር አላሸነፈችም። ሽንፈት ዘነበብሽ። እየተነሳሽ ሻይ ስታፈይ ዋልሽ። ጥጉ የታጠፈው ካርታ በእጅሽ እንደነበረ እኔ ከማዶ ሆኜ አየሁት፤ አንቺ ግን ተራውን ጣልሽ። «ኮምፒውተር እንጂ ካርታ አልተፈጠረልሽም» ብዬ ሳቅኩብሽ፤ አንቺም ካርታውን እየረገምሽ ወደ ማድቤት። እንዲህ ያለ አጫዋወት ከማን እንደወረስሽው እንጃ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ወንበርሽ ላይ ማንም አይቀመጥም፣ ድመቷ እንኳን። ሁለተኛውን ጆይስቲክ በየጊዜው ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ዕቃ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይበላሻል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ካርታውም መሳቢያው ውስጥ ነው።

ይህን ስጽፍልሽ ጨዋታው በርቶ ነው። ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ ተራዬን እየጠበቀ ነው፤ አሁን ደግሞ አዛጋ። ቀይዋ በእጄ ናት። እንግዲህ ተነስቼ መነጽሬን ልፈልግ።

የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ የሣልሽው አበባ አይጠውልግ። ክንዱን የሚያነሳብሽን ሁሉ ጋሻ ይመልስልሽ። የሚያዛጋ ቀን ሲገጥምሽ ቀይዋ ከእጅሽ አትጥፋ፤ ሲደክምሽ ደግሞ ትንፋሽን የሚጥልልሽ ሰው አይጥፋ። መንገዱን ያቅናልሽ፤ በተለይ ወደዚህ የሚያመጣውን።

እስክትመጪ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ የሚደበደብልሽ፣

አያትሽ