ፊቴን ያየሁበት ብሎን

እህት ዓለም፣

ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ውዬ ወገቤ የእኔ አልመስል ብሎኛል። ዛሬ ኮስታራዋ አሠልጣኛችን ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዲሸከም መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ የቲታኒየም ብሎን ሰጥታኝ "አዘጋጂው" አለች። እኛ ወርክሾፕ ያላብለጨለጨ ነገር መቼ ሥራ ይባላል? ፊቴን እስኪያሳየኝ ወለወልኩት።

አገላብጣ አየችውና "ለቀለበት ያምራል፤ አጥንቱ ግን ምኑን ይያዝ?" አለችኝ።

እዚህ ሥልጠናው ቦታ እነሱ አሸዋ ይረጩበታል፣ አሲድ ውስጥ ይነክሩታል፤ ግራጫና ሻካራ ሆኖ ይወጣል። የአጥንት ሴሎች ሁለቱም ላይ አሳድረን ስናጥባቸው፣ ሻካራው ላይ ያሉት ሙጭጭ ብለው ቀሩ። ከእኔው ላይ ግን አብዛኞቹ ከውሃው ጋር ሄዱ።

ወዲያው አባትሽ ትዝ አሉኝ። የተከልንላቸው ጥርስ ሲነቃነቅ "ጋሼ፣ አጥንትዎ አርጅቶ ነው" አልናቸው። እሳቸውም ይኸው እስከ ዛሬ እርጅናቸውን ይወቅሳሉ። የዚያን ጥርስ ብሎን እንደ መስታወት የወለወልኩት እኔ ነኝ።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ወርክሾፑን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ለጋሼ ሰላምታዬን ብቻ አድርሺ፤ ይቅርታውን ራሴ ይዤ እመጣለሁ።