«አንቺ» ብለሽ የጸለይሽ ዕለት

ጥር 28 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ አርባ ምንጭ

ወይዘሮ ባዩሽ ልጃቸውን ሰጡኝ።

ውድ እማዬ፣

ከላይ ያለችውን መስመር ወንድሜ ኦይታ ደግሞ ያንብብልሽ። እኔም ከትናንት ጀምሮ ለራሴ እየደጋገምኳት ነው። ሰጡኝ። ውብአየሁን ሰጡኝ። ዛሬ ቢሮ ገብቼ አንድ ሥራ አልሠራሁም፤ ማኅተሙን ገልብጬ መትቼ አለቃዬ ሳቁብኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ነገሩን ያዞርሽው አንቺ ነሽ፤ ግን ምን እንዳደረግሽ ሳታውቂ ነው ወደ ካምባ የተመለስሽው። ኦይታም ሲያነብ እንዳይስቅ ንገሪልኝ። መሳቁ ካልቀረም ጨርሶ ይሳቅ።

ሽማግሌ ሁለት ጊዜ እንደላክሁ ታውቂያለሽ። አቶ ደግፌ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ከሄዱ እንቢ አይባልም ብዬ ነበር። መጀመሪያ የሄዱ ዕለት ሳይቀመጡ ተመለሱ። ሁለተኛው ጊዜ ወይዘሮ ባዩሽ ከበራፉ አላሳለፏቸውም። «እመቤታችንን ከማይወድ ቤት ልጄ አትገባም። ይህን ይንገሩልኝና ሌላ ጊዜ በዚህ ጉዳይ አይምጡብኝ» አሏቸው። አቶ ደግፌ መጥተው ትከሻዬን መታ አደረጉና ሌላ እንድፈልግ መከሩኝ። እኔ ደግሞ ሌላ አልፈለግሁም። ወደ አንቺ መልእክት የላክሁት ምክር ፈልጌ ነበር።

አንቺ ምክር አልላክሽም። በእህል መኪና፣ በጆንያ ላይ ተቀምጠሽ፣ ቡላና በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘሽ ራስሽ መጣሽ። የወንድ እናት ልጅ ልትለምን አትሄድም፣ ነውር ነው አልኩሽ። ሴትዮዋ እንዴት ያለች ናት ብለሽ ጠየቅሽኝ። ባላቸው እንደሞቱ፣ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ አስናቀ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ጦር ሜዳ እንዳለ፣ ከክረምት ወዲህ ወሬው እንደጠፋ ነገርኩሽ። ነጠላሽን አነሳሽ።

በእኛ ቋንቋ፣ «ልጇ ጦር ሜዳ ለሆነ ሴት ሽማግሌ ላካችሁባት? መጀመሪያ ማን ሄዶ ጠየቃት?» አልሽኝ።

ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ያን ጊዜም አልገባኝም፤ ብቻ ተከተልኩሽ።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛሽ መናገር አለብኝ። በእኛ ቋንቋ «አንተ»ም «አንቺ»ም «ኔኒ» ነው፤ ወንድ ሴት አይለይም። አማርኛን ደግሞ የተማርሽው እንደ አባቴ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት አይደለም፤ ሲቀላ ገበያ፣ ከሴት ነጋዴዎች ጋር ተቀምጠሽ ነው። እነሱ ቀኑን ሙሉ «አንቺ» ሲሉሽ ዋሉ፤ አንቺም የሰው መጥሪያው እሱ ነው ብለሽ ያዝሽው። እኔን በጓደኞቼ ፊት «ዳምጤ ነይ፣ ብዪ» ስትዪኝ ወር ሙሉ መሳቂያ ሆኛለሁ። ጸሎት ቤታችንን ያሸጉ ጊዜ ጠመንጃ የያዘውን የአብዮት ጥበቃ ምን እንዳልሽውስ ታስታውሻለሽ? «አንቺ ልጅ፣ ሸሚዝሽ ተቀዷል። አውልቂ፣ ልስፋልሽ።» ልጁ በሕይወቱ እንደዚያ የደነገጠ አይመስለኝም። ሰፋሽለትም። በሩንም አሸገ።

ወይዘሮ ባዩሽ በሩን ሲከፍቱ ከኋላሽ እኔን አዩኝና ፊታቸው ተዘጋ። አንቺ ቀደምሽ።

«አንቺ ነሽ ባዩሽ? ልጅሽ ዘምቷል አሉ። ልጠይቅሽ መጣሁ።»

ይህን ብሎ የመጣ ሰው ከደጅ አይመለስም። አስገቡን። ከዚያ በኋላ እኔ በዚያ ቤት የወንበር ያህል ነበርኩ። ስለ አስናቀ ጠየቅሽ። ምን መብላት ይወድ እንደነበር፣ ጡት መቼ እንደተወ፣ ብርድ ይችል እንደሆነ ጠየቅሽ። እሳቸው በእግሩ መሄድ የጀመረው ዘግይቶ ነው አሉ፤ አንቺ እኔንም «ይሄም እንደዚያው፣ እንደ ቡላ ከረጢት ካስቀመጡት አይነሳም ነበር» ብለሽ አዋረድሽኝ። ውብአየሁ የጓዳው በር ላይ ቆማ ሳቀች። አሁን ስለ እኛ ታነሻለሽ ብዬ እጠብቃለሁ። አሁን ታነሻለሽ፣ አሁን ታነሻለሽ። ነጠላሽን አስተካከልሽና ተነሳሽ።

«ልጸልይለት» አልሽ።

ወይዘሮ ባዩሽ ወደ መስኮቱ አዩ። ጎረቤታቸው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። የጴንጤ ጸሎት በቤታቸው ተሰማ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። «ውብአየሁ፣ መስኮቱን ዝጊው» አሉ። እንቢ ማለት ይችሉ ነበር።

በጋሞኛ ትጸልያለሽ ብዬ ነበር። ቤታችን በሌላ ቋንቋ ጸልየሽ አታውቂም። አንቺ ግን በአማርኛ ጀመርሽ። በኋላ ስጠይቅሽ፣ በሰው ቤት ባለቤቷ በማይገባት ቋንቋ መጸለይ ሐሜት ይመስላል አልሽኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነበር ያልሽው፦

«ጎዶ። አንቺ ልጅሽን ሰጠሽ። እንጨት ላይ ሰቀሉት፤ ቆመሽ አየሽ። የልጅ ነገር ታውቂያለሽ። የዚህ ሴት ልጅ አስናቀ ሩቅ አገር ነው። ብርድ አለ፣ ጥይት አለ። አንቺ እንደ ልጅሽ እዪው። አንቺ በነጠላሽ ሸፍኚው። እናቱ ደጅ ደጁን ታያለች። አንቺም ልጅ ጠፍቶብሽ ደጅ ደጁን አይተሻል።»

ገባሽ እማዬ? በአማርኛ እግዚአብሔር «አንተ» ነው የሚባለው። «አንቺ» የምትባለው እመቤታችን ናት። ልጇን የሰጠች፣ ከመስቀሉ ሥር ቆማ ያየች፣ ልጇ በመቅደስ ጠፍቶባት የፈለገች። «ጎዶ» ጌታ ማለት እንደሆነ ደግሞ ወይዘሮ ባዩሽ አያውቁም። ገና «ልጅሽን ሰጠሽ» ስትዪ ተንበረከኩ። «ደጅ ደጁን አይተሻል» ስትዪ «እውነት ነው እመቤቴ» አሉና ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቀና ስል ውብአየሁ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። በኋላ ሳቅ ነው ልቅሶ ብዬ ጠየቅኋት፤ ሁለቱም አለችኝ።

አንቺ በማግስቱ በመጣሽበት መኪና ተመለስሽ። ወሬሽ ግን እዚህ ቀረ። ወይዘሮ ባዩሽ ለሰፈሩ ሁሉ ነገሩ። ጴንጤ እመቤታችንን አይወድም የምትሉ አፋችሁን ያዙ፣ እኔ በቤቴ፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ሰምቻለሁ አሉ። አቶ ደግፌን በመንገድ አስቁመው «ያ ልጅ ምነው ጠፋ? ሽማግሌ ይላክ» አሏቸው። አቶ ደግፌ እየሮጡ መጡ። እኝህ ትልቅ ሰው ሲሮጡ አይቼ አላውቅም።

ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። ከሴቻ እስከ ሲቀላ ቁልቁለቱን በእግሬ ወርጄ፣ ለምን እንደወረድሁ ረስቼ ተመልሼ ወጣሁ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። በሠርጉ ቀን ትመጫለሽ። ከሴቶቹ አንዷ በሰው መሐል «እመቤታችንን እንዴት ወደድሻት?» ትልሻለች። አንቺ ደግሞ መሸፋፈን አታውቂም፤ እንዳለው ትመልሺያለሽ። ወይዘሮ ባዩሽ በገዛ ቤታቸው፣ በጠሯቸው እንግዶች ፊት ይዋረዳሉ። አንቺም ያላልሽውን ብለሻል ተብለሽ በአታላይነት ትታያለሽ።

ውብአየሁን፣ ለእናትሽ እውነቱን እነግራቸዋለሁ አልኳት። ቀኑን ሙሉ ስልክ ቤት ሰው ከሰው ስታገናኝ የምትውል ሴት ናት፤ ነገር አይጠፋባትም።

«ጸሎቱ ውሸት ነው?» አለችኝ።

«አይደለም።»

«ታዲያ አንተን ማን አስተርጓሚ አደረገህ? ዝም በል።»

ዝም ማለት አልቻልኩም። ትናንት ከሥራ እንደወጣሁ ሄድኩ። ውብአየሁ በር ከፈተችልኝ፤ ሰላምታዬን አልመለሰችም። ወይዘሮ ባዩሽ ጥጥ እየፈለቀቁ ነበር። ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

«እናቴ ለሁሉም ሰው ‹አንቺ› ነው የምትለው። ለእኔም፣ ለቀበሌው ሊቀመንበርም፣ ለአህያም። ያን ዕለት የጠራችው እመቤታችንን አይደለም። እግዚአብሔርን ነው።»

እጃቸው ጥጡ ላይ ቆመ።

«ፈጣሪን ነው አንቺ ያለችው?»

«አዎ። ልዩነቱን አታውቀውም።»

«ሰፈሩን ሁሉ ነግሬአለሁ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። ፊታቸው ቀላ። ውብአየሁ ጓዳ ገብታ አንድ ዕቃ ጣለች፤ ሆን ብላ ይመስለኛል። አለቀ አልኩ በልቤ። ባርኔጣዬን አነሳሁ።

«ማን ሂድ አለህ?» አሉኝ። «ተቀመጥ። የአስናቀን ስም ጠርታለች አልጠራችም?»

«ጠርታለች።»

«ያንተንስ?»

አሰብሁ። «አልጠራችም።»

«የውብአየሁንስ?»

«አልጠራችም።»

«ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከህብኛል። ስለ ደመወዝህ ነገሩኝ፣ ስለ አባትህ ነገሩኝ። ልጅሽ እንዴት ነው ያለኝ የለም። ደጄን ለዚህ ብላ የረገጠች እሷ ብቻ ናት።» ጥጡን መልሰው አነሱ። «ጸሎቱ ለማን እንደደረሰ እዚያው ላይ ይነጋገሩበት። እናትና ልጅ፣ አባትና ልጅ ናቸው፤ በእኔ አስናቀ አይጣሉም። የውብአየሁን ሃይማኖት ግን ትነካና!»

አልነካም አልኳቸው። ማልልኝ አላሉም። ጥቂት ፈለቀቁና ቀና አሉ።

«ሌላም አለ። እናትህ እዚህ ቤት ስትመጣ አማርኛዋን ማንም እንዳያርማት። ማንም። አንተም ጭምር።»

ከጓዳ የሳቅ ድምፅ መጣ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ጉልበታቸውን ስሜ ስነሳ ጥጡን ረግጬ ተሰደብኩ።

እንግዲህ እማዬ፣ የጻፍኩልሽ ላርምሽ አይደለም። ከልክለውኛል። ግን በማታውቂው ነገር መመስገን እንደሚከነክንሽ ስለማውቅ፣ ሁሉንም እንዳለ ማወቅ አለብሽ። ከዛሬ በኋላ «አንተ» ማለት ከፈለግሽ በይ፤ የሚቀየምሽ የለም። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን እንደለመድሽው በይ። በእኛ ቤት ይህን ያህል አይነገርም፤ ኦይታም እየሰማ ነው፤ ግን ያን ዕለት በዚያ ክፍል ውስጥ ያንቺ ልጅ መሆኔን ለሰው ሁሉ መናገር አምሮኝ ነበር። ይኸው ተናገርኩ።

ከአስናቀ አሁንም ወሬ የለም። ወይዘሮ ባዩሽ ከሠርጉ ወሬ በፊት መጥተሽ ደግመሽ እንድትጸልዪለት ይፈልጋሉ። «ሠርጉን እሷ ስትመጣ እንነጋገራለን» ብለዋል። ስለዚህ ቀኑ በአንቺ እጅ ነው። በሚመጣው መኪና ተነሺ። ጉልበትሽ ካመመሽ ከሹፌሩ ጎን እንዲያስቀምጡሽ ተነጋግሬአለሁ።

ይህን የመጨረሻውን ገጽ የምጽፈው ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ወይዘሮ ባዩሽ ስኳር አምጣ ብለው ልከውኝ ነው፤ ገና ሳላገባ መላላክ ጀምሬአለሁ። ሰልፉ ሊደርሰኝ ነው፤ ስኳሩም ሊያልቅ ነው ይላሉ። ከወዲያ ማዶ ግን የካምባው መኪና ጭኖ ጨርሷል፤ ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ዛሬ ካመለጠኝ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ እስከ ሳምንት ሌላ የለም። ከኋላዬ ያለችው ሴት «አንተ፣ ተራህ ደረሰ፣ ምን ትጽፋለህ?» ትለኛለች።

ተራዬን ለሷ ሰጠኋት። ወጣሁ።

ልጅሽ ዳምጤ