በፈይሩዝ እጅ ላይ ያየኸው ጭቃ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለምሳሳልህ ወንድሜ ለሲራጅ፤ ጤናህ እንዴት ነው? የጅዳ ሙቀት ዘንድሮስ ራራልህ ወይ? ያ ሲያስቸግርህ የከረመው ወገብህስ ተሻለው? እንቅልፍህስ፣ ምግብህስ እንዴት ነው? አብረውህ ያሉት ያገር ልጆች ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማችን ብርድ ሲሆን ጉልበታቸውን ይይዛቸዋል እንጂ ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው፤ ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ ስምህ ከአፋቸው አይጠፋም። ረመዷንም ደጃችን ደርሷል፤ አላህ በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስጨርሰን።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል ትለኝ ይሆናል። በስልክማ አልቻልሁህም። ኔትወርኩ እንደምንም ሲይዝ አንተ ትቆጣለህ፤ አንተ ስትበርድ ደግሞ ኔትወርኩ ይጠፋል። ባለፈው ሦስት ጊዜ ላስረዳህ ጀመርሁ፤ ሦስቴም በቃ እታለም፣ ያልሁሽን አድርጊ ብለህ ዘጋህብኝ። አሁን ጎረቤታችን ሙሐመድዘይን፣ ያ ጨርቅ ሻጩ፣ ለዑምራ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ወረቀት ብታጥፈውም ተመልሶ ይዘረጋል። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ ብትቆጣም እኔ ዘንድ አይሰማም።

አስቀድሜ የምትጠብቀውን ልንገርህ፤ ያልኸኝን አድርጌያለሁ። ልጅህን ፈይሩዝን ጥር ላይ ከሂሩት ትምህርት ቤት ግቢ አውጥቼ ወልድያ የግል ትምህርት ቤት አስገብቻታለሁ። የምትኖረው ያጎታችን ልጅ ኢዘዲን ቤት ነው። ዩኒፎርም ለብሳለች፣ ቦርሳ ይዛለች፣ ጫማዋ ንጹሕ ነው። ሁሉም አንተ እንደፈለግኸው ሆኗል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ጥፋቱ የጀመረው ከእኔ ነው፤ ያን ፎቶ የላክሁልህ እኔ ነኝ። ታኅሣሥ ላይ ወደ ግቢው ጎራ ስል ፈይሩዝ የሽንኩርት መደቧ ውስጥ ቆማለች፤ መኮትኮቻ ይዛ፣ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ትስቃለች። ሲራጅ፣ ያቺ ልጅ ስትስቅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነበር መሰለህ! ሳቋን እንድታይልኝ ብዬ አንስቼ ላክሁልህ። አንተ ያየኸው መኮትኮቻውን ነው። ለጓደኞችህ ብታሳያቸው አንዱ፣ ልጅህን ሐብሩ የሽንኩርት እርሻ ላይ በቀን ሠራተኝነት ቀጠሯት ወይ ብሎ ቀለደብህ አሉ። ወዲያው ደወልህ። እኔ እዚህ ወገቤ የሚቆረጠው ልጄ እስክሪብቶ እንድትይዝ ነው፣ አንቺ ዶማ አስያዝሻት አልኸኝ። በዕድሜ እኔ እበልጥሃለሁ፤ የልጅቱ አባት ግን አንተ ነህ። እናቷ ከሞተች፣ አንተም ከሄድህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያሳደግኋት እኔ ብሆንም የምትለብሰውንም የምትበላውንም የምትልከው አንተ ነህ። ምን ብዬ እከራከርሃለሁ?

ያኔ ያልነገርሁህን ዛሬ ልንገርህ። በጦርነቱ ዓመት ትምህርት ሲቋረጥ ፈይሩዝ ገና ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ከዚያ በኋላ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ክፍል ተቆጠረላት እንጂ አልተማረችም። አምስተኛ ገባች ብዬ በስልክ እልል ስልልህ ታስታውሳለህ? በዚያው ሰሞን ጉብዝናዋን እማችን እንዲያዩላት ብዬ የመድኃኒታቸውን ካርቶን ሰጠኋት፤ በቀን ስንቴ እንደሚዋጥ አንብቢልን አልኋት። ካርቶኑን ወዲያ ወዲህ ስታገላብጥ ቆየችና ወደ ጓሮ ወጣች። ብከተላት ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ፊደል ለቅማ ቃል ማድረግ አቅቷት! ይህን ላንተ መንገር ፈራሁ። ያኔ ደፍሬ ነግሬህ ቢሆን ዛሬ እዚህ ባልደረስን።

ሂሩት የወልድያ ልጅ ናት፤ በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ብዙ ዓመት ያስተማረች ሴት ናት። እዚህ መርሳ ከመስኖው ቦይ አጠገብ ግቢ ተከራይታ፣ በዚያ ክፉ ጊዜ ወደ ኋላ የቀሩትን ልጆች ሰብስባ፣ በእጃቸው እየሠሩ የሚማሩበትን ቤት ከፈተች። አዳነ የሚባል አናጺ አብሯት ያስተምራል። ስለ ግቢው ያልተባለ የለም። ለፈዛዛ ልጆች ነው ተባለ። ልጆቹን በነፃ እያሠሩ ሽንኩርት ይሸጣሉ ተባለ። ዱላ ስለሌለ ሁሉም ባለጌ ይሆናሉ ተባለ፤ ሃይማኖትም ያስለውጣሉ ተባለ። እኔስ? እኔ ከጎረቤቱ ሁሉ ብሼ ያመንሁ ነበርሁ። ሌላ መሄጃ ስላጣሁ ነው ያስገባኋት።

እኛ ቤት ልጅ ተማረ የሚባለው ደብተሩ ሲሞላ እንደነበረ አንተም ታውቃለህ። አባታችን አላህ ይርሐማቸውና ማንበብ ሳይችሉ ከእርሻ ሲመለሱ ደብተራችንን እየገለጡ ቀዩን እርማት ይቆጥሩ አልነበር? ቀይ የሚበዛው ያንተ ነበር። ራይቱንም ኤክሱንም አንድ ላይ እየቆጠሩ ሲያሞግሱህ አንገትህን ትደፋለህ፤ እኔም ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ አላጋለጥሁህም። ይኸው እኔ ፊደል የቆጠርሁት ሴትዮ ያንኑ ደገምሁት። ፈይሩዝ ግቢው በገባች በሁለት ወሯ ደብተሯን ብገልጥ አንድም ቀይ የለም። የሽንኩርት ሥዕል አለ፣ ጥቂት ቁጥር አለ፣ ሌላው ባዶ ነው። ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳልለብስ ግቢው ድረስ ሄጄ ሂሩት ላይ ጮኽሁባት። ልጄን ቆፋሪ ልታደርጊያት ነው ወይ አልኋት፤ ሌላም ሌላም፣ እዚህ የማልጽፈውን።

እሷ አልተከራከረችኝም። ፈይሩዝን ጠርታ ገጹ ላይ ያለውን ለአክስትሽ ንገሪያት አለቻት። ልጅቱ ደብተሩን አላየችውም። የትኛው መስመር በስንት ቀኑ ስንት ቅጠል እንዳወጣ፣ ውኃ የበዛበት ለምን ቢጫ እንደሆነ፣ ዳር ያለው ለምን እንደደረቀ፣ ከመቶው ችግኝ ስንቱ እንደቀረ፣ ይህ ደግሞ ከአራት አንዱ ማለት እንደሆነ አስረዳችኝ። እኔ በቃሽ እስክል ድረስ አወራች። ያቺ ካርቶን ይዛ ጓሮ የገባች ልጅ ናት እንግዲህ። በፀሐይ እየተቃጠልሁ፣ በዕፍረት እየተቃጠልሁ ወደ ቤት ተመለስሁ። ሂሩትን ግን ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ ክፋቴን ታውቀው የለ።

ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ሁሉ ብጽፍልህ ሙሐመድዘይን ሻንጣ ይሞላበታል። አንዱን ብቻ ልንገርህ። እማችን ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ተቀምጠው ነው የሚሰግዱት። የፕላስቲክ ወንበሩ ከፍ ስለሚል እግራቸው ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። ፈይሩዝ አንድ ቀን ከተረከዛቸው እስከ ጉልበታቸው በሜትር ለካችና ጻፈች፤ ከዚያ የጣውላውን ውፍረት ቀነሰች። ለምን ትቀንሻለሽ ብላት፣ ሳልቀንስ የበርጩማውን እግር ብቆርጥ እማማ ያንኑ ያህል ከፍ ይሉብኛል አለችኝ። በሳምንቱ አዳነ እያሳያት የሠራችውን በርጩማ ተሸክማ መጣች። እማችን ቢቀመጡበት እግራቸው ልክ መሬት ረገጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሶላቱ ዱዓው የእሷ ሆኗል፤ አንተ ሁለተኛ ወርደሃል፣ አትቀየም። የመድኃኒታቸውን ወረቀትም የምታነብላቸው እሷው ሆና ነበር።

ፈተናስ የት ትፈተናለች ብለህ ጮኸህብኝ ነበር። ጠይቄ ነበር እኮ፤ ስልኩን ባትዘጋው ልነግርህ ነበር። ስምንተኛ ሲደርሱ መንግሥት ትምህርት ቤት ተመዝግበው ሚኒስትሪውን እንደማንኛውም ልጅ ይፈተናሉ። መጽሐፉም ያው የሁሉም ልጅ መጽሐፍ ነው፤ የሚገቡበት በር ነው የሚለየው። ሽንኩርቱንም ልጆቹ ራሳቸው ለየቤታቸው ይካፈሉታል፤ ያምናውን እኛም በልተናል።

አሁን ወደ ወልድያው ልመለስ። ጥር ላይ ይዣት ስሄድ ሚኒባሱ ሲሪንቃ ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ፈይሩዝ በመስኮት የእርሻ ምርምር ጣቢያውን ማሳ፣ በየመደቡ የተተከሉትን ትንንሽ ምልክቶች ስታይ ቆየች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በጥያቄ ታደርቀኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ካርድ አምጡ አለን። ሂሩት የሰጠችን ወፍራም ፎልደር ነው፤ ፈይሩዝ የለካችው፣ የሣለችው፣ የጻፈችው ሁሉ አለበት። ርእሰ መምህሩ በትሕትና ገለጥ ገለጥ አድርገው መለሱልን። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚሠሩበት ደንብ አላቸው፤ ደረጃና አማካይ ውጤት የሌለው ወረቀት ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገባቸው። መግቢያ ፈተና ሰጧት፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ስሟን ጽፋ ባዶውን መለሰችው። አራተኛ ክፍል አስገቧት፤ ከዘጠኝ ዓመት ልጆች ጋር። ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞራ ነው የምትቀመጠው። ልጆቹ እማዬ ይሏታል አሉ። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ የኢዘዲን ባለቤት ናት።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄድሁ። ደብተሯን አምጪ አልኋት። ሲራጅ፣ አባታችን ቢኖሩ ቆጥረው አይጨርሱትም፤ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ራይት ነው። ጽሕፈቷም ያምራል። ይኼ ምን ማለት ነው ብዬ አንዱን መስመር ብጠይቃት፣ አላውቅም፣ ከሰሌዳ የገለበጥሁት ነው አለችኝና ደብተሩን ዘጋችው። ያን ጊዜ ሂሩት ላይ የጮኽሁለት በቀይ የሞላ ደብተር ይኸው በእጄ ገባ። ኢዘዲን ደስ ብሎት፣ አባቷ ቢያይ ይኮራ ነበር እያለ ፎቶ አነሳው። ሳይልክልህ አይቀርም።

ላንተ ሳልነግር ሂሩት ዘንድ ሄድሁ። ይቅርታዬንም ያን ቀን ጠየቅሁ፤ ዘገየሁ እንጂ። የፈይሩዝን ቦታ ከውርጌሳ ለመጣች ልጅ ሰጥታዋለች፤ ተራ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። ለመስከረም አንድ ቦታ ልይዝላት እችላለሁ አለችኝ፤ ግን መሐል ላይ ተመዝዛ ስለወጣች አባቷ በራሱ አንደበት እሺ ካላለ አልቀበልም፤ እንደገና ብትወጣ ልጅቱ አትችለውም አለች። ስም ዝርዝሩ ከዒድ በኋላ ይዘጋል። አክስት ነኝ፣ አሳዳጊዋ ነኝ ብላት፣ አውቃለሁ ግን አባት አይደለሽም አለችኝ። እውነቷን ነው። ወልድያ ሄጄ ላመጣት አልችልም፣ እዚህ ቦታ ላስይዝላት አልችልም፣ አንተን በስልክ ላሸንፍህ አልችልም። እጄን አጣጥፌ ቁጭ ብያለሁ። የሂሩትን ስልክ ቁጥር ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ያን ፎቶ አጥፍተኸው ካልሆነ እንደገና አውጣው። እጇ ላይ ያለውን ጭቃ ተወው፤ መኮትኮቻውንም ተወው። ከግራ ትከሻዋ በስተኋላ በእንጨት ላይ የተመታች ትንሽ ጣውላ አለች፤ በጣትህ ሰፋ አድርገህ እያት። ሂሩት ለየመደባችሁ ስም አውጡ ስትላቸው ሌሎቹ የኳስ ተጫዋች ስም ጻፉ። ፈይሩዝ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ከየትም ሳትገለብጥ፣ የአባቴ የሲራጅ ሽንኩርት ብላ ጻፈች። ለምን ብላት፣ ሲመጣ የእሱ የትኛው እንደሆነ እንዳይጠፋው ነው አለችኝ። ፎቶውን የላክሁልህ ቀን ይህን ልነግርህ ነበር። እንዳነበብኸው መስሎኝ ተውሁት።

እማችን ዱዓቸውን ልከውልሃል፤ ለዒድ ድምፅህን እንድታሰማቸውም አዘውሃል። ኢዘዲንና ባለቤቱ በጣም ናፍቀንሃል ብለዋል። አብረውህ ያሉትን ያገር ልጆች በየስማቸው ሰላም በልልኝ፤ ያን ቀልደኛውንም ሳትረሳ። አላህ ሥራህን ያቅናልህ፣ ጤናህን ይጠብቅልህ።

ፈይሩዝንም ከሂሩት ዘንድ ከተመለስሁ በኋላ በኢዘዲን ስልክ ለአባትሽ ምን ልበልልሽ ብያት ነበር። የአባዬን መደብ ማን እያጠጣው እንደሆነ ሂሩትን ጠይቂልኝ አለችኝ። እስካሁን ሄጄ አልጠየቅሁም።

እህትህ ዙልፋ
መርሳ፣ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.