ዲኑ ለዱበርቲዎቹ የገቡት ቃል

ሰኞ

ዛሬም ምሳ ብቻዬን። የኮሌጁ ክበብ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ እኔ ጋ የሚቀመጥ ግን የለም። ሽሮዬን አዝዤ ስልኬ ላይ አንገቴን ደፋሁ። ኔትወርክ የለም እኮ! ባዶ ስልክ ላይ አፍጥጦ ምሳ መብላት፤ ወይ ብርቱካን፣ ደረስሽ።

ምክንያቱ ይታወቃል። ለሚመጣው ዓመት የኮንትራት አሰልጣኝ በጀት የተፈቀደው ለሁለት ሰው ነው። እኛ ደግሞ ሦስት ነን፦ እኔ ቅየሳ፣ ሰይድ አውቶ መካኒክ፣ ሀብታሙ ኮምፒውተር። ማን እንደሚቀነስ ዓርብ የሚወስነው የኮሌጁ ጉባኤ ነው። በጉባኤው የአሰልጣኞች ተወካይ እኔ ነኝ። ስለዚህ ሁሉም አንድ ነገር አውቄ የደበቅሁ ይመስለዋል። ምንም አላውቅም።

ተወካይ የሆንኩትም ወድጄ አይደለም። አምና ስብሰባው መሃል እናቴ ደወለች፣ ላናግራት ወጣሁ፣ ስመለስ ተጨበጨበልኝ። የሌለ ሰው እምቢ አይልማ! ሰይድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያኔ ሰይድ ይስቅልኝ ነበር።

ከተመረጥኩ ወዲያ ግን የምሬን ያዝኩት። የኮሌጁ ዲን ኮንትራት የሚያድሱት ቢሯቸው ቁጭ ብለው ደስ ላላቸው ሰው ነበር። ዓመቱን ሙሉ ተከራክሬ በጉባኤ እንዲታይ፣ በምዘና እንዲወሰን፣ የራሱ ጉዳይ የሚታይበት አባል እንዲወጣ አስወሰንኩ። ዘንድሮ የመጀመሪያው ነው። ያለችኝ ድል እሷ ብቻ ናት።

ማታ ቤት ስገባ አከራዬ እትዬ ሉባባ ፊቴን አይተው፣ «ምነው ልጄ? ማን አስከፋሽ?» አሉኝ። ሆድ ባሰኝ። «ሥራዬ ሊያልቅ ነው» ብዬ ተነፋረቅሁባቸው። «አብሽሪ» አሉኝ፣ ራሴን እየዳሰሱ። ይቺ «አብሽሪ» የሚሏት ነገር የወሎ ቦረና ሰው መድኃኒት ናት፤ ለራስ ምታትም ለሐዘንም ይሰጧታል። ትሠራለች ደግሞ።

ማክሰኞ

ሰልጣኞቼን ይዤ ከኮሌጁ ጀርባ ወጣሁ። መለኪያ መሣሪያችን ከተበላሸ ቆይቷል። ለጥገና ደሴ ተላከ፣ መንገድ ተዘጋ፣ እዚያው ቀረ። ስለዚህ በሜትርና በካስማ እንለካለን። ዝናብ መጣ፣ ጭቃ ለጭቃ ሮጥን። አንዷ ልጅ፣ «ቲቸር፣ በዚህ ተመዝነን እናልፋለን?» አለችኝ። ታልፊያለሽ አልኳት። እንጃ።

የሚያሳስበኝ ይኼው ነው፦
ሰልጣኞቼ በተግባር ደክመዋል። ጥፋቱ የኔ ባይሆንም በምዘናው የሚታየው ውጤታቸው ነው።
ሰይድ ሚስቱ ገና አራስ ናት።
ሀብታሙ አባቱን የኔታን ይጦራል። አርጅተዋል፣ ማስተማሩንም ትተዋል።
እኔ ማንንም አልጦርም። እናቴ አባይ ማዶ መርጡለማርያም ናት፤ እህቴ አብራት አለች።
እኔ ግን ሌላ ቦታ ሥራ የለኝም።

በአጭሩ፣ ያስወሰንኩት ደንብ በትክክል ቢሠራ የሚጥለው እኔን ሳይሆን አይቀርም። ይኼን ለማን ይነግሩታል?

ከሰዓት ሰይድን ጋራዡ በር ላይ አገኘሁት። «ሰይዶ፣ ልጁ እንዴት ነው?» አልኩት። «ደህና ነው» ብሎ ሞተሩ ውስጥ ገባ። ወላጆቹን ሊጠይቅ ወግዲ ሲሄድ ማር ሳያመጣልኝ የማይመለስ ሰው ነበር!

ረቡዕ

እትዬ ሉባባ ከቀትር በኋላ ቤት አልነበሩም። ሲመሽ የቀሚሳቸው ጠርዝ በጭቃ ተለውሶ፣ ፊታቸው በርቶ መጡ። «አልሐምዱሊላህ በይ» አሉኝ። ምን ተገኘ ብል አልናገር አሉ። «በይ ብቻ!» አልኩላቸው። የአባይ ማዶዋ ክርስቲያን አልሐምዱሊላህ ስትል በሳቅ ሞቱ። እኔም ሳቅሁ። ከሳምንት ወዲህ ከሰው ጋር የሳቅሁት ዛሬ ነው። እራትም አብረን በላን።

ሐሙስ

ዲኑ ጠዋት አስጠሩኝ። በሩን ዝጊው አሉኝ።

«ያንቺ ነገር አልቋል፣ አትጨነቂ። ትናንት እናቶች ቤቴ መጥተው ነበር።»

እትዬ ሉባባ ዱበርቲዎቹን አስከትለው ሄደዋል! በየሳምንቱ ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉት፣ የተጣላ የሚያስታርቁት እናቶች። ዲኑ ደጃፍ ቆመው፣ ግቡ ቢሏቸው አንገባም፣ ተቀመጡ ቢሏቸው አንቀመጥም። «የዚያችን ልጅ እንጀራ አትንሳት፣ እሺ በለንና እንቀመጥ» አሏቸው። ዝናብ እየመታቸው። ዲኑ የወረኢሉ ሰው ናቸው፤ ክርስቲያን ይሁኑ እንጂ ዱበርቲ ደጃቸው ላይ ቆማ እምቢ ብለው አያድሩም። «እሺ አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ካልዋሸሁ፣ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ! ከቢሯቸው ስወጣ ጭቃውን እየዘለልኩ ነበር። ሦስት ሲቀነስ አንድ ሁለት የሚለው ሒሳብ የመጣልኝ ሀብታሙንና ሰይድን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሳያቸው ነው። ለነሱ የቀረው አንድ ቦታ ነው።

ወሬው ቀድሞኛል። ሰይድ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ዱበርቲ ያለው ሰው ጉባኤ ምን ያደርግለታል?» አለ። ሀብታሙ ፊቱን አዞረ። የሀብታሙ ይብሳል።

ቤት ገብቼ እትዬ ሉባባን ያዝኳቸው። «ማን ሂዱልኝ አለዎት?»

«ልጄ ስታለቅስ ዝም ልበል?»

«ሌሎችም አሉ እኮ! እነሱ ሊባረሩ ነው።»

«እነማን ናቸው? ነግረሽኛል? ስማቸውን አንስተሽ ታውቂያለሽ?» አሉ። «ሥራዬ አልሽኝ፣ ለሥራሽ ቆምኩ። ሦስት ነን ብትይኝ ለሦስት እንቆም ነበር። ለኛስ መቆሙ ያው አንድ መቆም ነው።»

ገብተው በራቸውን ዘጉ። ዛሬ ኮሌጁም ቤቱም እኩል ዘጉኝ።

ዓርብ

ጉባኤው ተጀመረ። ዲኑ፣ «ከሦስቱ የአንዷ ስላለቀ የምናየው ሁለቱን ነው» ሲሉ እጄን አወጣሁ። «የኔም ከሁለቱ ጋር ይታይ። ደንቡን ያስወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ለኔ ሲሆን አይዘለልም።» አልኩና ቁጭ አልኩ። አይ አፌ!

ዲኑ ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር። ፊታቸው ጠቆረ። «ለእናቶች የሰጠሁትን ቃል ልብላ?»

የግንባታው ክፍል ኃላፊ አቶ ይመር ደግሞ፣ «የዱበርቲ ቃል ታጥፎ ክረምቱ ቢያኮርፍብንስ? ዘሩ ገና አሁን ነው የተዘራ» አሉ። አንድም ሰው አልሳቀም። የኮሌጅ ጉባኤ እኮ ነው! ግን እኔም አልሳቅሁም። እዚህ አገር ብዙ ስለከረምኩ መሰለኝ።

በመጨረሻ ዲኑ፣ «ቃል ያስገቡኝ እነሱ ናቸው፤ የሚለቁኝም እነሱ ናቸው። እነሱ ከለቀቁኝ በደንቡ እንሄዳለን» አሉና ጉባኤው ለሰኞ አደረ።

ስወጣ አቶ ይመር ጠጋ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ የመጣልሽን እንጀራ በእግርሽ ትገፊያለሽ?» አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም። ለዚያ ነው የከበደኝ።

ቅዳሜ

እትዬ ሉባባ ከሐሙስ ጀምሮ ከሰላምታ ውጪ አያናግሩኝም። ከሰዓት እናቶቹ እሳቸው ቤት ተሰበሰቡ። በራፉ ላይ ቆምኩ።

«ግቢ» አሉኝ። አልገባም አልኩ። «ተቀመጪ እንግዲህ።» አልቀመጥም፣ ዲኑን ልቀቁልኝ፣ እሺ በሉኝና እቀመጣለሁ።

የሁሉም ታላቅ የሆኑት እማማ ዘሀራ በሳቅ ፈረሱ። «ኧረ ያረቢ! በገዛ ዱላችን መጣችብን!»

እትዬ ሉባባ ግን አልሳቁም። «እምቢ። ምን አጠፋሁና ነው የማፈርሰው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። የሰይድን አራስ፣ የሀብታሙን የኔታ። የተበላሸውን መሣሪያ፣ በምዘናው ልወድቅ እንደምችል። «ታዲያ እያወቅሽው?» አሉ። አዎ አልኩ። እግሬ ዝሎ ነበር፤ መቆም ቀላል ሥራ አይደለም ለካ። ሄደው ዝናብ ላይ እንዴት እንደቆሙልኝ ያኔ ነው የገባኝ። «ያደረጉልኝን እናቴም አላደረገችልኝ። ግን የሰው እንጀራ ነው፣ አይወርድልኝም» አልኳቸው።

እማማ ዘሀራ እትዬ ሉባባን አዩ። እትዬ ሉባባ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ለቀነዋል በሏት» አሉ። ለዲኑም እማማ ዘሀራ ራሳቸው ሊነግሯቸው ሆነ። ለሦስታችንም ዱዓ ተደረገ። ሰይድና ሀብታሙ በሌሉበት በስማቸው አሚን አልኩላቸው።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከኋላ ቆምኩ። ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። እንድወድቅ አልጸልይ፣ እነሱ እንዲወድቁ አልጸልይ። «አንተ ታውቃለህ» ብዬ ተመለስኩ።

ከሰዓት ፍርሃቱ መጣ። ምን ነካኝ? ማን ጀግኒ አለኝ? እናቴ ጋ ደወልኩ፣ አልገባም። ደግሜ ደወልኩ። ልብሴን አጠብኩ፣ ዝናብ መታው። ልብሱን ሳስገባ የሚያግዘኝ ሰው እንኳ የለም ብዬ እዬዬ አልኩ፤ ለአንድ ቀሚስና ለሁለት ሹራብ!

ሰኞ

የኔ ተራ ሲደርስ ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። አቶ ይመር በሩን ከፍተው ግቢ ሲሉኝ ዓይናቸውን ሰበሩ። ገባኝ።

ሰይድና ሀብታሙ ቀጥለዋል። እኔ እስከ ሰኔ መጨረሻ ነኝ። መሣሪያው ደሴ መቅረቱ በቃለ ጉባኤው ተጽፎልኛል። ቃለ ጉባኤውን የአሰልጣኞች ተወካይ መፈረም ስላለበት ፈረምኩ። በገዛ እጄ። ዲኑ እስክሪብቶአቸውን አቀበሉኝ፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፣ አሉ» ብዬ ላስቃቸው ሞከርኩ። ሳቁ፣ የሚስቅ ፊት ግን አላየሁም።

ሀብታሙ ውጪ ቆሞ ጠበቀኝ። ሁለት እጄን ይዞ፣ «እግዜር ይስጥሽ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ሰይድ አልመጣም። በጋራዡ በኩል ሳልፍ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አልጠራሁትም። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ አይጠራም።

ቤት ስደርስ እትዬ ሉባባ ደጃፍ ላይ ነበሩ። «አለቀ» አልኳቸው። ደንቡ እንደሠራ ልነግራቸው ጀምሬ ተውኩት። «መንገዱ ሲከፈት ወደ እናቴ እሄዳለሁ። ክፍሏን ለሌላ ሰው ያከራዩዋት።»

«ማንንም አላስገባባትም» አሉ ቆጣ ብለው። «መስከረም ሲጠባ ምን እንደሚመጣ አላህ ያውቃል። ቁልፉን ይዘሽው ሂጂ።»

«መስከረም ባልመለስስ?»

«ያኔም ያንቺው ናት። ለጥየቃ ስትመጪ ማን ቤት ልታድሪ ኖሯል?»

በሥራው ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩት። መስከረም ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ በጀት ይምጣ አይምጣ፣ መንገዱ ይከፈት አይከፈት። ነገ ጠዋት ግን የማስተምረው ክፍል አለኝ፤ ልጆቹ የተግባር ፈተና አለባቸው፣ የካስማዎቹንም ጫፍ ገና አልሳልኩም።