ለዱሬቲ የሚሆነው ካሜራ

አምቦ፣ መጋቢት 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ጌዶ ላለችው ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ጠና? ሕፃኗስ ደህና ትጠባለች፣ ታስተኛችኋለች? ባለቤትሽ ገለታስ ሥራው እንዴት ይዞታል? እኔ ጉልበቴ ዳገት ላይ ከማስቸገሩ በቀር አለሁ፤ ያሳደረኝን አመሰግናለሁ። ጾሙንም እንደ አቅሜ ይዣለሁ። ጎረቤታችን አየለች ሽሮ በሠራች ቁጥር አትረሳኝም፤ ስለ ምግቤ አታስቢ።

በሚኒባስ የላክሽው ወረቀት ደርሶኛል። ደውዬ ብመልስልሽ ይቀል ነበር። ግን እኔና አንቺ ስልክ ላይ «ሄሎ፣ ይሰማል?» ከተባባልን በኋላ የምንለው ይጠፋናል፤ ስለዚህ እኔም እንዳንቺው በወረቀት።

ገለታ አዲስ አበባ ሊወርድ ስለሆነ፣ ለዘወትር ፎቶ የሚሻለው የኪሱ ትንሽ ካሜራ ነው ወይስ ሌንሱ የሚቀያየረው ትልቁ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ከፊርማሽ በታች ደግሞ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ዱሬቲን በጸሎት ቤታችሁ ለእግዚአብሔር እንደምትሰጧት ጽፈሻል። ና አላልሽም፤ አትምጣም አላልሽም። ከካሜራው ጥያቄ ይልቅ ያቺን መስመር ነው ደጋግሜ ያነበብኳት።

ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ያላየኋት መንገዱ ርቆኝ አይደለም፤ ታውቂዋለሽ። ክርስትና ስትነሳ እመጣለሁ አልኩ፤ አንቺ ደግሞ እኛ ሕፃን አናጠምቅም አልሽ። እዚያው ላይ ቆመናል። ሰማንያዋም ሰሞኑን ይሞላል። በዚያ እሑድ መምጣት አለመምጣቴን ይህን ደብዳቤ ስጀምር አላውቅም፤ እውነቱን ልንገርሽ። ስለዚህ መጀመሪያ የማውቀውን፣ የካሜራውን፣ ልጻፍልሽ።

ሳልሞክር መልስ መስጠት አልወደድኩም። እኔ ያረጀሁት በፊልም ካሜራና በፎቶ ቤቱ ጨለማ ክፍል ነው፤ ዲጂታል ሲመጣ ባለቤቱ ቤቱን ለሞባይል ሱቅ አከራየው፣ እኔም ቤቴ ገባሁ። አሁን ትንሿን ካሜራ ከመምህር ሂርጳ፣ ትልቁን ደግሞ ሰርግ ከሚያነሳው ከቶኩማ ተዋስኩ። በጾም ሰርግ ስለሚቀንስ ቶኩማ አልሳሳብኝም።

የመጀመሪያው ቀን አሳፍሮኛል። ያነሳሁትን ኮምፒውተር ላይ ልናይ ቶኩማ ሜሞሪውን ያውጡልኝ አለ። እኔ ጋቢዬን እስከ ራሴ ተከናንቤ፣ ካሜራውን ከውስጥ አድርጌ፣ በዳበሳ ማውጣት ጀመርኩ። ፊልም ብርሃን ካየ ይቃጠላል፤ እጄ የሚያውቀው ያንን ነው። ቶኩማ አየኝና «ማል ጎቱ ኦቦ? ምን እያደረጉ ነው፣ ብርድ ነው?» አለኝ። ብርሃን እንዳያገኘው ብዬ ነው ስለው ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። «ፀሐይ ላይ ቢያሰጡትም ምንም አይሆንም» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ማንሳቱም ቢሆን ቸግሮኝ ነበር። ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ተጭኜ ካሜራውን አወርዳለሁ። «ይድገሙት እንጂ ኦቦ፣ ይሄ እኮ አያልቅም» ይለኛል። የማያልቅ ነገር እጄ አልለመደም።

ከትንሿ ልጀምር። ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ገበያ ይዣት ወጣሁ፤ ሰው ካሜራ መሆኗን ልብ ሳይል ሥራውን ይሠራል። አንዲት ቅቤ ሻጭ ዋጋ የሰበረባትን ሰው ስትራገም አንስቻታለሁ፤ ፎቶውን ብታዪው እርግማኑ ይሰማሻል። ጥሩነቷ ይህ ነው። ክፋቷን ደግሞ ስሚ። በፀሐይ ጊዜ ጀርባዋ ላይ ያለው ስክሪን ምንም አያሳይም፤ በጋቢዬ ጫፍ እየጋረድኩ ነው የማየው። ስትጫኛት ወዲያው አታነሳም፣ ታስባለች። አስባ እስክትጨርስ ሰውየው አልፎ ጀርባው ይቀርሻል። ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ አይሆንላትም፤ ፍላሹ ደግሞ ፊትን አመድ፣ ዓይንን ቀይ ያደርጋል። የምትሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ የሱቁ ርካሽ ድንጋይ ቶሎ ይሞትባታል። ቻርጅ የሚደረገውን ዓይነት አብሮ እንዲገዛ ለገለታ ንገሪው።

ትልቁ ሌላ ነገር ነው። ዓይኔን ሳስጠጋበት እንደ ድሮው ካሜራዬ ሌላው ሁሉ ዝም አለልኝ። በተጫንሽበት ቅጽበት ያነሳል፤ አያመነታም። ቶኩማ ሦስት ሌንስ አለው፤ አንዱ ለሁሉም የሚሆን፣ አንዱ ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም፣ አንዱ ደግሞ አጭር፣ ማቅረብም ማራቅም የማይችል፣ ነገር ግን በደብዛዛ ብርሃን ያለ ፍላሽ የሚያነሳ። ይህን አጭሩን ወደድኩት። ክብደቱ ግን አንገት ያጎብጣል። አንጠልጥዬው ገበያ ስገባ ያው ሰው ሁሉ ነጠላውን አስተካከለ፣ ሳቁን አቆመ፣ እጁን ከጎኑ አደረገ። ገበያው በሙሉ ለጉርድ ፎቶ የተሰለፈ መሰለኝ። አቧራም ይፈራል። መንገድ ዳር ሌንስ ስቀይር አንድ ባጃጅ አልፎ፣ ከዚያ ወዲያ ባነሳሁት ሰማይ ሁሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ተቀመጠች። ቶኩማ «ኦቦ ዝንብ አስገቡብኝ» እያለ ሲያጸዳ ዋለ።

አንቺ ዘወትር ስትይ ሕፃኗን ማለትሽ ስለሆነ በሕፃን መሞከር ነበረብኝ። የአየለች ልጅ ወንድ ወልዳለች። መጀመሪያ ስጠይቅ አየለች አልፈቀደችም። በእኛ ዘንድ ያልተጠመቀ ሕፃን ፎቶ እንደማይነሳ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ካሜራም ዓይን ነው ትላለች። አርባው ሞልቶ ክርስትና በተነሳ ማግስት ግን ራሷ ጠራችኝ። በትንሿ ሳነሳው ፍላሹ አስደንግጦት አለቀሰ። በትልቁ፣ በዚያ አጭር ሌንስ፣ መስኮቱን ወደ ጎኑ አድርጌ ሳነሳው የቅንድቡ ጸጉር ሳይቀር ወጣ። አየለች ግን አልረካችም። «እግሩን የት አደረስከው?» አለችኝ። ሌንሱ ጠባብ ነው፣ ክፍሉም ጠባብ ነው ብላት፣ «ያየ ሰው የልጄ ልጅ እግር የለውም ይበል? ወደ ኋላ በል» ብላ እየገፋች እስከ ደጅ አስወጣችኝ። እግሩ እስኪገባ ድረስ ከግቢ ሆኜ አነሳሁት።

ከዚያ ሕፃኑን አቅፋ ስታባብል «ያንተይቱስ፣ ክርስትና ተነሳች?» አለችኝ። ካሜራውን ወደ ቦርሳው መለስኩ። «እንግዲያ ሳታያት ልታድግ ነዋ» አለች። ክፉ አስባ አይደለም፤ አፏ እንደዚያ ነው። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አሰብኩት። በልማዳችን ፎቶ መነሳት ለሌለባት ልጅ ነው ካሜራ የምመርጠው።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። ቶኩማ ረጅሙን ሌንስ ከሩቅ ካልሞከሩት አያውቁትም ስላለኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብራችን ይዤው ወጣሁ። ከደጁ ማዶ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆምኩ። ርቀቱን ፈልጌ እንጂ ሌላ አሳብ አልነበረኝም። የእናትሽ ሙት ዓመት ዕለት አንቺ የቆምሽበት ቦታ ነው። እኛ ሁላችን ግቢ ነበርን፤ ካህናቱ ሲጸልዩላት አንቺ ከውጭ ቀረሽ። ዘመድ ሁሉ አየሽ። «ለእናቷ ጀርባዋን ሰጠች» አሉ። እኔም አልመለስኩላቸውም፤ በልቤ እንደዚያው ብዬ ነበርና። በመካከላችን ያለው ዝምታ ከክርስትናው በፊት እዚያ ዛፍ ሥር ነው የጀመረው።

ዓይኔን ካሜራው ላይ አድርጌ ከደጁ ጀምሬ አጥሩን ተከትዬ ሄድኩ። ድንኳን የተከልንበት ሜዳ ከዚያ አይታይም፤ ካህናቱ የቆሙበትም አይታይም፣ ግንቡ ይጋርደዋል። አንድ ቦታ ላይ ግን ግንቡ ፈርሷል። በዚያ ክፍተት፣ እኔ ራሴ ነጭ ቀለም የቀባሁት የእናትሽ መስቀል ቀጥ ብሎ መጣልኝ፤ ስሟ እንኳ ይነበባል። ካሜራውን አውርጄ በባዶ ዓይኔ አየሁ። ትንሽ ነጭ ነገር ናት፣ ግን ትታያለች። ወደ ጎን ፈቀቅ ስል ጠፋች። ተመልሼ ቆምኩ፤ መጣች። ከዚያ ሁሉ ዛፍ ሥር እሷ የምትታየው ከዚያች ቦታ ብቻ ነው።

አነሳሁት። ቶኩማ «ይሄ የፈረሰ አጥር ምን ያደርጋል፣ ላጥፋው?» ቢለኝ አሳትምልኝ አልኩት። ከዚህ ወረቀት ጋር ልኬልሻለሁ። የት ቆሜ እንዳነሳሁት ለማንም አልነገርኩም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ።

በማግስቱ የንስሐ አባቴን አባ ገብረአማኑኤልን ከደጀ ሰላሙ አገኘኋቸው። እነ ልጄ ጸሎት ቤት ብገባ ምን ይሉኛል አልኳቸው። «ልትጸልይ ነው ልታይ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «ጠርተውሃል?» አሉ። አልጠሩኝም፣ አልከለከሉኝምም አልኩ። «ታዲያ ሳትጠራ ነው ከእኔ ፈቃድ የምትለምነው?» ብለው መቋሚያቸውን ተደገፉ። ቁጣ ስጠብቅ «ለመሆኑ ልጅቷ ማንን ትመስላለች?» አሉኝ። ከዚያ መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። ከዚያ ጀምሮ ጥያቄያቸው ከአፌ አልጠፋም። ማንን ትመስላለች? ግንባሯ የእናትሽ ነው? ወይስ የገለታን ወገን መልክ ወስዳለች?

እምነቴን አልለወጥኩም፣ አልለውጥምም። ክርስትና አለመነሳቷ አሁንም ጸሎቴ መሀል እየገባ ያቆመኛል፤ ይህን ደብቄ ብጽፍልሽ ማታለል ይሆናል። አንቺም የያዝሽውን በእኔ ምክንያት እንድትለቂ አልጠብቅም። ግን ስሟን በጸሎቴ ማንሳት ጀምሬአለሁ። እንደ ሥርዓታችን በክርስትና ስም ነበር የሚነሳው፤ እሷ ስለሌላት ዱሬቲ ብዬ ነው የምጠራት። ማንን እንደምል የላይኛው አያጣውም።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ትንሿን ግዙ። ትልቁ በሁሉም ነገር ይበልጣታል፣ ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ያንቺ አንድ እጅ ሁልጊዜ ልጅቷ ላይ ነው። ትልቁ ከቦርሳው እስኪወጣ ልጅቷ ስቃ ትጨርሳለች፤ ትንሿ ጤና ጣቢያ ሥራሽ ስትመለሺ ጋውንሽ ኪስ ውስጥ እንኳ ትውላለች። እንደምትዘገይ አውቀሽ ቀደም ብለሽ ተጫኛት። ፍላሿን አጥፊና ልጅቷን ወደ በሩ ብርሃን አቅርቢያት። ቢደበዝዝም ግድ የለሽም፣ አንሺ። እኔ ፎቶ ቤት የምሠራ ሰው፣ እናትሽን ያነሳኋት በዓል በመጣ ቁጥር ለብሳ፣ ቆማ ነው። ሽንኩርት ስትልጥ፣ ጫማዋን ስትፈልግ፣ ከአንቺ ጋር ስትጣላ የሚያሳይ አንድም የለኝም።

ትልቁን ገንዘብ አታውጡበት። እንደዚያ እሑድ ላለ ቀን ከቶኩማ ካሜራውንና አጭሩን ሌንስ እዋሳለሁ፤ እሺ ብሎኛል። ሰው ሲጸልይ ፍላሽ ማብራት በማንም ቤት ነውር ነው፣ እሱ ደግሞ ፍላሽ አይፈልግም። የመስኮት ብርሃን ግን ይፈልጋል። ስለዚህ ቶሎ ብለሽ ይህን ጻፊልኝ፤ የጸሎት ቤታችሁ መስኮቶች በየት በኩል ናቸው? ልጅቷን ይዛችሁ የምትቆሙት ወደ የት ዞራችሁ ነው? ከፊት ለፊታችሁስ ሰው የሚቆምበት ቦታ አለ ወይ?

ቤታችሁን ሰላም አያሳጣው። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የገለታን እጅ ይባርክለት፤ ሰላም ብሎሃል በይው። ሕፃኗን በቁመትም በሞገስም ያሳድጋት፤ እኔንም እስከዚያ ቀን ያድርሰኝ።

የዱሬቲ አያት